የጉሬዛዎቹ ጫካና የእማዬ ድሪቶ

ሰው ስለዚያ ሐይቅ ሲያወራ ስለ ውሃው፣ ስለ ወፎቹና ስለ ትልልቆቹ ሾላዎች ነው የሚያወራው። እኔ ግን ትዝ የሚለኝ የአንድ ጥበቃ እጅ ነው። ጣቶቹ ሰፊ፣ ጥፍሮቹ በትምባሆ የወየቡ ነበሩ። ፈሪ ሆኜ ነው የተፈጠርኩት። ነጎድጓድ እፈራለሁ፣ ውሻ እፈራለሁ፣ በስብሰባ ላይ ስሜ ሲጠራ እፈራለሁ። የዚያን ቀኑን ፍርሃት ግን ከእነዚህ ጋር ልደባልቀው አልችልም፤ እሱ ለብቻው ነው።

ዘመኑ የደርግ ነው፤ አሰላ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። የሳይንስ አስተማሪያችን እንስሳ ሲባል ነፍሱን የማያውቅ ሰው ነው። የዝንጀሮና የጦጣ ዘር በመጽሐፍ ሥዕል ብቻ መማራችን ሲያንገበግበው ኖሮ፣ አንድ ቀን ፈቃድ አግኝቼላችኋለሁ ብሎ ክፍል ገባ። ከተራራው ሥር፣ ስምጥ ሸለቆው ውስጥ፣ ሐይቅ ዳር ያለ ፓርክ ሄደን ጉሬዛ በዱሩ እናያለን አለን። ጠዋት ሄዶ ማታ መመለስ ነው። መኪናው ማዳበሪያ የሚያመላልስ የጭነት መኪና ስለሆነ ወንበር የለውም፣ ስለዚህ ሁላችሁም የምትቀመጡበት ነገር ይዛችሁ ኑ አለ። ጣጣው ሁሉ የመጣው ከዚህች ትእዛዝ ነው።

ቤታችን በከተማው "የአድሃሪ ቤት" ከሚባሉት አንዱ ነበር። የአባቴ አያት ድሮ ከሸዋ መጥተው ዲክሲስ ላይ መሬት የያዙ ሰው ናቸው። መሬቱ ሲወርድ ሲዋረድ አባቴ ጋ ደረሰ፤ ከዚያ የመሬት አዋጁ መጣና ከእጃችን ወጣ። ስለ መሬቱ ብዙም አላዝንም። ከእኛ በፊት የማን እንደነበረ የሚነግሩኝ የአካባቢው ልጆች የክፍል ጓደኞቼ ነበሩ፤ እውነታቸውን ነው። እኛን ያስጨነቀን መሬቱ ሳይሆን ከመሬቱ የተረፈው ዕቃ ነው።

ከተረፈው ዕቃ ትልቁ የጉሬዛ ምንጣፍ ነበር። የብዙ ጉሬዛ ቆዳ ገጣጥመው ክብ አድርገው የሰፉት፣ መሐሉ ጥቁር፣ ዙሪያው ረጅም ነጭ ጸጉር። በበዓል ቀን አያቴ ከሚቀመጡበት ወንበር ሥር ይነጠፋል፤ እንግዳ ሲገባ ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው እሱ ላይ ነው። በዚያን ጊዜ በእኛ ዓይነት ቤት፣ የጉሬዛ ምንጣፍ ማለት የባለቤቱ ማዕረግ ማለት ነበር። ልጅ እንዲረግጠው አይፈቀድም። እኔ ግን ሰው ሲወጣ ጠብቄ ጉንጬን አስደግፌበት እተኛ ነበር። ልስላሴውን ጣቴ አልረሳውም፤ ባለመርሳቱም ነው ያን ቀን ጉድ የሆንኩት።

አባቴ ጠመንጃውን ለማስረከብ ዘግይቷል ተብሎ ታስሮ ነበር። ሲፈታ ከስቶ፣ አንድ አዲስ ልማድ ይዞ መጣ፤ በር በተንኳኳ ቁጥር ከተቀመጠበት ይነሳል። ቤት ከመግባቱ በፊት በቀበሌው ስብሰባ ፊት አቆሙት።

"ሌላ የደበቅኸው ነገር አለ?" አለው ሊቀመንበሩ።

"የለም።"

"ያ የጉሬዛ ምንጣፍስ?" አለ አንዱ ከኋላ።

"ብል በላው፤ ጣልነው።"

"ውሸት ሆኖ ከተገኘ ሁለተኛ ስትገባ መውጫ የለህም" አለ ሊቀመንበሩ። ይህን ሲል እኔና እናቴ ከሴቶቹ መሐል ቆመን ነበር፤ እናቴ ክንዴን ጨምድዳ ይዛኝ ነበር። ብል በላው መባሉን አመንኩ። ልጅ የሚያውቀው ነገር ትምህርት ቤት ይወጣል፣ ከትምህርት ቤት ወጣቶች ማኅበር ይደርሳል ብለው፣ እውነቱን ለእኔ አልነገሩኝም።

እናቴ ነጠላዋ ሳይታጠብና ሳይተኮስ ደጅ የማትወጣ ኩሩ ሴት ናት። ከእስሩ በኋላ ግን በእሷና በአባቴ ፍራሽ ሥር አንድ ድሪቶ ተነጥፎ አየሁ። ከአሮጌ ካፖርት፣ ከጆንያ፣ ከተቀደደ ቁምጣ የተጠቃቀመ፣ የለማኝ እንኳ የማይመስል ድሪቶ። ድህነታችን እዚህ ደረሰ ብዬ አዘንኩ። ፈታሽ ሁሉን ሲበረብር ድሪቶ ላይ እጁን እንደማያሳርፍ እናቴ አስባበት እንደሰፋችው በምን ልወቅ?

የጉዞው ቀን እናቴ ሁሩታ ዘመድ ሞቶባት ለቅሶ ሄዳ አልተመለሰችም። አባቴም የቀበሌ ጥበቃ ተራ ደርሶት ገና አልገባም። ቤቱ ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ። ጥሩውን ቡልኮ አቧራ ከማስበላው ብዬ ፍራሹን ገለጥኩና ድሪቶውን ሳብኩት። ከበደኝ፤ ድሪቶ ድሮስ መቼ ቀላል ሆኖ ያውቃል ብዬ ጠቀለልኩት። በቁጠባዬም ኮራሁ።

መኪናው ዘንድ ስደርስ የክፍሌ ልጆች አልማሩኝም። "ምነው፣ የማን ደጅ ልትለምኚ ነው?" ይላል አንዱ። "ተዋት፣ ይሄ የፊውዳል ምንጣፍ ነው" ይላል ሌላው። ሁላችንም ሳቅን፤ እኔም ሳቅኩ።

የሊቀመንበሩ ልጅ የክፍል ጓደኛዬ ናት፤ ጓደኛዬ ግን አልነበረችም። የማንም አልነበረችም። ስትመጣ ወሬ ይቆማል፣ ቦታ ይለቀቅላታል። ጋቢና እቀመጣለሁ ብላ ምንጣፍ ሳትይዝ ነበር የመጣችው፤ ጋቢናውን ግን አስተማሪውና የወጣቶች ማኅበሩ ተጠሪ ያዙት። ወደ ኋላ ወጣችና መኪናውን በዓይኗ ቃኝታ "ጠጋ በይ" አለችኝ። ጠጋ አልኩ። ሰማያዊ የዩኒፎርም ቀሚሷን ሰብስባ እናቴ በሰፋችው ድሪቶ ላይ ከጎኔ ተቀመጠች።

የጭላሎን ተራራ ከኋላችን ትተን ቁልቁለቱን ስንጀምር መኪናው ያነሳን ያፈርጠን ጀመር። ልጆቹ ይዘፍናሉ። ወገቤ ሲያመኝ እጄን ከሥሬ አስገብቼ ድሪቶውን ላስተካክል ስል፣ አንዱ ጥግ ስፌቱ ተርትሮ ጣቴ ገባ። ውስጡ ጥጥ አይደለም። ጨርቅም አይደለም። ለስላሳ፣ ረጅም፣ ቀዝቃዛ ጸጉር ነው።

ክው አልኩ። ጣቴ ከእኔ ቀድሞ አወቀው። የአያቴ ወንበር፣ ስብሰባው፣ "ብል በላው"፣ የእናቴ ጭምደዳ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ መጣብኝ። አባቴ ስብሰባ ፊት የካደውን ነገር ከፍራሹ ሥር አውጥቼ፣ በጸሐይ፣ በሰው መሐል፣ ያስካደውን ሰውዬ ልጅ አስቀምጬበት እሄዳለሁ። መኪናው ይቁም ልል አስቤ ነበር። ቆሞስ ምን እላለሁ?

የተተረተረው ላይ ተቀመጥኩበት። በዚያው ዓይኔ ቀሚሷ ላይ ሲያርፍ፣ ጉልበቷ አጠገብ አንድ ረጅም ነጭ ጸጉር ተጣብቆ ሲወዛወዝ አየሁ። የሰው ጸጉር አይደለም፤ የበግም አይደለም። ልንቀልላት እጄን ዘረጋሁና መልሼ ሰበሰብኩት። ምን ነው ብትለኝስ? ኬላው ላይ ወታደሮች አስቆሙን፤ ፈቃዱን አዩ፣ ፊታችንን አዩ፣ አሳለፉን። ነጩ ጸጉር እዚያው ነበር።

የፓርኩ በር ላይ የተቀበለን ጥበቃ ካኪ የለበሰ፣ ምንሽር ያነገተ የአርሲ ሰው ነው። ሁላችንንም ከመኪና አስወረደንና በኦሮሞ ቃና ባለ አማርኛው አስጠነቀቀን።

"ስትገቢ አልፈትሽም፤ ስትወጪ ነው የምፈትሸው። ጎብኚ ነን ብሎ መጥቶ፣ ቆዳ በጆንያ ይዞ የወጣ አለ። ቆዳ የተገኘበት ሰው ከእኔ ጋር አያወራም። እዚያ ማዶ ካምፕ አለ፤ ከወታደር ጋር ነው የሚያወራው።"

ሌሎቹ በ"ስትገቢ"ው ተሳሳቁ። እኔ የምይዘው የምጨብጠው ጠፋኝ። ቢያገኙብኝ ከዚሁ የወሰድኩት ነው ብል፣ አውሬ ገዳይ ሌባ ነኝ። ከቤቴ ያመጣሁት ነው ብል፣ አባቴን በገዛ አፌ አስገባሁት። ሦስተኛ መልስ ፈልጌ አጣሁ። መኪናው ውስጥ ትቼው እንዳልሄድም፣ ሌላ ጥበቃ መጥቶ ከመኪናው ጎን ቆመ። ስለዚህ ድሪቶውን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጌ ተከተልኳቸው።

"በዚህ ሙቀት?" አለኝ አስተማሪው።

"በረደኝ፣ ቲቸር።"

"ወባ እንዳይሆን" ብሎ ግንባሬን በእጁ ዳሰሰ። ላብ በላብ ነበርኩ። አመነኝ።

ሐይቁ ቡናማ ነው፤ ሻይ በወተት የመሰለ ውሃ። ዳሩን ይዘን ትንሽ ከሄድን በኋላ ዛፎቹ ውስጥ ገባን። ጥበቃው እጁን አነሳ፣ ቆምን። "እኛ ዌኒ እንለዋለን" አለ በሹክሹክታ፣ ወደ ላይ እያሳየ።

እውነት ለመናገር ከዚያ በኋላ ያን የመሰለ ነገር አይቼ አላውቅም። ሾላው ላይ ተደርድረው ተቀምጠዋል፤ ጥቁር ሰውነት፣ በጀርባቸው ዙሪያ የወረደ ነጭ ካባ፣ ጅራታቸው ቁልቁል ተንጠልጥሏል። አንዷ እናት ሙሉ በሙሉ ነጭ የሆነ ግልገል አቅፋለች። ሲወለዱ ነጭ ናቸው፣ እያደሩ ነው የሚጠቁሩት አለ አስተማሪው፤ ድምፁ በደስታ ይንቀጠቀጣል። ሰው መነኩሴ ይላቸዋል፤ እንዳለውም ዝም ብለው ቁልቁል ያዩናል። እኔ እኔን ብቻ የሚያዩ መሰለኝ። ዘመዶቻቸውን ተሸክሜ ሥራቸው ቆሜአለሁ። የያዝኩት ክብ ምንጣፍ ከስንት እንደዚህ ካለ ጀርባ እንደተገፈፈ ከዚያ በፊት አስቤው አላውቅም ነበር፤ ቀና ብዬ ማየት አፈርኩ።

ድንገት ትልቁ ወንድ ጮኸ። የእንቁራሪት ድምፅ ነው፣ ግን ከበሬ ጉሮሮ የሚወጣ ዓይነት። ሌላው ከማዶ መለሰለት፤ ጫካው በሙሉ አገሳ። ልጆቹ ተንጫጭተው ወደ ኋላ ሸሹ፣ አስተማሪው ለማረጋጋት ተከተላቸው። እኔ ወደ ሌላ አቅጣጫ ሄድኩ። ከአንድ ሾላ ጀርባ ሥሩ እንደ ግድግዳ የቆመበት ጎድጓዳ ቦታ አገኘሁ። ድሪቶውን ከትከሻዬ አወረድኩ።

"ወዴት ነው?"

የሊቀመንበሩ ልጅ ከኋላዬ ቆማለች።

"ሽንቴን ልሸና።"

"ድሪቶሽን ይዘሽ?"

ያን ጊዜ ዓይኗን ወደ ቀሚሷ ጣለች፤ ነጩን ጸጉር በሁለት ጣቷ ነቅላ ለብርሃን ያዘችው። ወደ ዛፉ ቀና አለች። ጉሬዛዎቹን አየች፤ ጸጉሩን አየች፤ ቀጥላ ድሪቶውን፣ መጨረሻ እኔን። ከአባቷ ጎን ሆና ያን ስብሰባ ሰምታዋለች። ሁሉንም አንድ በአንድ ስትገጣጥመው ፊቷ ላይ አየሁት።

"እዚህ ከጣልሽው ዛሬውኑ ያገኙታል" አለች ቀስ ብላ። "የድሪቶው ባለቤት ማን እንደሆነች ደግሞ ክፍሉ በሙሉ ያውቃል። ጠዋት ሲስቁብሽ ነበር እኮ።"

ምክር ይሁን ዛቻ አልገባኝም። ጸጉሩን መልሳ ቀሚሷ ላይ አደረገችና ጥላኝ ሄደች። ድሪቶውን አንስቼ ተከተልኳት፤ ሌላ ምን አደርጋለሁ? እሷ ፊት ፊት ስትሄድ፣ ለማን ነው መጀመሪያ የምትናገረው እያልኩ ጀርባዋን ብቻ አይ ነበር። ለተጠሪው? ለጥበቃው? ወይስ ማታ በእራት ሰዓት ለአባቷ?

በሩ ላይ አሰለፉን። ጥበቃው የእያንዳንዱን ጋቢ ያራግፋል፣ ኪስ ያያል፣ የምሳ ዕቃ ያስከፍታል። ከፊቴ ያለ ልጅ የወፍ ላባ ተገኝቶበት ጆሮውን ተቆነጠጠ። ተራዬ ደረሰ። እጄ ድሪቶውን ሊለቀው አልቻለም፤ ጥበቃው መንጭቆ ወሰደውና መሬት ላይ ጣለው። ቁጢጥ ብሎ በዚያ ሰፊ እጁ ይጫነው ጀመር። አንድ ጥግ ተጫነ። መሐሉን ተጫነ። እጁ ቆመ።

"ይሄ ከባድ ነው። የማነው?"

"የእኔ ነው" ልል አፌን ከፈትኩ።

"የእኔ ነው" አለች የሊቀመንበሩ ልጅ።

ቀና ብሎ አያት። ተጠሪው ጠጋ ብሎ የማን ልጅ እንደሆነች በጆሮው ነገረው። ጥበቃው ግን የሚፈራ ሰው አይደለም፤ ድሪቶውን አልለቀቀም።

"ማል ኬሳ ጂራ? ውስጡ ምንድነው?"

"እናቴ አሮጌ ሱፍ ሞልታበት ነው። ከፈለግህ ቅደደው፤ ከዚያ ተቀምጠህ ራስህ ትሰፋዋለህ" አለችው፣ አባቷ የሚሆን ሰውዬ በ"አንተ"። እንደዚያ ስትናገር ሰምተናት እናውቃለን፣ ስለዚያም እንጠላት ነበር። ያን ቀን ያንኑ ትዕቢቷን አውጥታ ፊቱ ዘረጋችለት።

ጥበቃው ዓይኑ ቀሚሷ ላይ አረፈ። "ይሄስ?"

"ከዛፉ ሥር ያነሳሁት ነው፤ ለማስታወሻ። ቆዳ አይደለም፤ አንድ ጸጉር ነው። እንካ ውሰደው።" ነቅላ መዳፉ ላይ አኖረችለት።

ጥበቃው ጸጉሩን አየ። ድሪቶውን አየ። እኔን አየኝ፤ እንዴት እንደምንቀጠቀጥ ሳያይ አልቀረም። ከኋላዬ የተሰለፈው ክፍል በሙሉ ድሪቶው የማን እንደሆነ ያውቃል። ጠዋት አፋቸው አላርፍ ያላቸው ልጆች አሁን ጭጭ አሉ። አስተማሪው ፊቱን ወደ ሐይቁ አዞረ። ውስጡ ያለውን ማንም አያውቅም፤ ግን በዚያ ዘመን ሳያውቁ ዝም ማለትን ሁላችንም ተምረናል። ጥበቃው ተነሳ፣ ጉልበቱን አራገፈ፣ "ሂጂ" አለ። ለማንኛችን እንዳለ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ስንመለስ እዚያው ከጎኔ፣ እዚያው ድሪቶ ላይ ተቀመጠች። ላመሰግናት ፈለግኩ፤ ካመሰገንኳት ግን ምንጣፉ የእኛ መሆኑን ማመኔ ነው። ዝም አልኩ። አሰላ ስንደርስ ከመኪናው ዘላ ወረደችና "ቻው" ብላኝ ወደ አባቷ ቤት ሄደች። ጥበቃውን የፈራሁት ፍርሃት አሁን ወደ እሷ ዞሮ አብሯት ሲሄድ ተሰማኝ።

እናቴ ከሁሩታ ተመልሳ በር ላይ ቆማ ነበር። ድሪቶውን ትከሻዬ ላይ ስታይ ደም የሚባል ነገር ፊቷ ላይ አልቀረም። ነጥቃኝ ወደ ውስጥ ገባች፣ የተተረተረውን ጥግ አገኘች፣ እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አለች። አባቴ ፍራሹን ገልጦ ባዶ ካገኘበት ሰዓት ጀምሮ ሊያስሩኝ ይመጣሉ እያለ የሚይዘው ስንቅ አዘጋጅቶ ይጠብቅ ነበር።

"ማን አየ?" አለኝ።

"ማንም፣ አባባ።"

ዋሸሁት። የሊቀመንበሩ ልጅ ታውቃለች ብዬ ብነግረው አንድ ሌሊት እንኳ አይተኛም።

"ለምን አናቃጥለውም?" አልኳቸው እያለቀስኩ።

"ጸጉር ሲቃጠል ሠፈሩ በሙሉ ይሸተዋል" አለች እናቴ። "ብንቀብረው ውሻ ያወጣዋል። አስቤ ያልጨረስኩት መሰለሽ?" መርፌዋን አምጥታ የተተረተረውን ደርባ ደራርባ ሰፋችው፤ ድሪቶው ወደ ፍራሹ ሥር ተመለሰ።

ከዚያ በኋላ የኖርኩት ያችን ልጅ እየፈራሁ ነው። መንገድ ላይ ሰላም ስትለኝ መሬት መሬት አያለሁ። አባቷ በደጃችን ሲያልፍ ዛሬ ነገረችው እላለሁ። ከወንድሟ ጋር ስትጣላ፣ ፈተና ስትወድቅ፣ ሲከፋት፣ በእልህ አንድ ቃል ያመልጣታል ብዬ እጨነቃለሁ። አልነገረችም። ዓመታት አለፉ፤ አልነገረችም። እኔ ግን አንድም ቀን አላመንኳትም።

መንግሥቱ የወደቀ ሰሞን አዲሶቹ ታጣቂዎች አሰላ ገቡ። ሊቀመንበሩን ከቤቱ ወሰዱት፤ ቤቱ ነገ ዛሬ ይፈተሻል ተባለ። ከቀትር በኋላ በራችን ተንኳኳ። አባቴ እንደ ልማዱ ተነሳ። ከፈትኩ።

የሊቀመንበሩ ልጅ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባለች። በሁለት እጇ አንድ ድሪቶ አቅፋለች። ጨርቁ ከአሮጌ ይልቅ አዲስ ይበዛዋል፤ ስፌቱ ሰፊና ጠማማ ነው፣ የቸኮለ እጅ የሰፋው።

"እማማ፣" አለች በእኔ ትከሻ ላይ ወደ እናቴ እያየች፣ "ይቺን እናንተ ዘንድ ላቆይ ብዬ ነው።" ከንፈሯ ይንቀጠቀጣል። እንዲያ ስትፈራ አይቻት አላውቅም ነበር።

እናቴ ምን እንደሆነ አልጠየቀቻትም። ወደ እኔ ዞረች፤ ያን ጊዜ ፊቴን አይታ፣ "ማንም" ብዬ የዋሸሁትን ስንት ዓመት የቆየ ነገር የተረዳችው መሰለኝ። ድሪቶውን ተቀበለቻት፣ በአውራ ጣቷ ስፌቱን ዳሰሰች።

"ይሄ አይይዝም፤ ይተረተራል" አለች። "እኔ አጠብቄ እሰፋልሻለሁ። ግቢ፣ ቁጭ በይ።"

አባቴ የራሱን ወንበር ሳበላት። እሱ ግን እሷ እስክትሄድ ድረስ ሳይቀመጥ፣ በሩን እያየ ቆሞ ቆየ።